ማሪዋና፣ ጫትና መሪ፦ ጉዳዩ የራስ ሰውነት ብቻ ነውን?

ከዐሥር ዓመት ወዲህ ዓለም ስለ ማሪዋና ያለው አቋም በፍጥነት ተለውጧል። ኡራጓይ በ2013 እ.ኤ.አ. ተክሉ በሕግ እንዲሸጥ ፈቀደች። ካናዳ በ2018 እ.ኤ.አ. ተከተለቻት። በዚያው ዓመት የደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዐዋቂዎች በግል ስፍራቸው መጠቀማቸው በወንጀል እንዳያስጠይቅ ወሰነ። በአሜሪካ በ2012 እ.ኤ.አ. ኮሎራዶና ዋሽንግተን የከፈቱትን በር ብዙ ግዛቶች ገብተውበታል። በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን በ27 ድጋፍና በ25 ተቃውሞ ካናቢስን ከሄሮይን ጋር ተመድቦበት ከነበረው እጅግ ጥብቅ ዝርዝር አወጣው። ይህ ግን ተፈቀደ ማለት አይደለም፤ በዓለም አቀፉ ስምምነት ካናቢስ አሁንም ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፆች አንዱ ነው።

ይህ ሁሉ ወሬ በእጅ ስልክ በኩል ወደ ልጆቻችን ይደርሳል። በወጣቶች ኅብረት ውስጥ የሚነሣው ጥያቄም ተለውጧል። ቀድሞ "ማጨስ ኃጢአት ነው ወይ?" ይባል ነበር፤ ዛሬ ግን "ካናዳ የፈቀደችውን እኛ ለምን እንከለክላለን? ተክል አይደለም ወይ? ከአልኮል አይሻልም ወይ? ጋንጃ ያጨሰ ሾፌር እንኳ ቀስ ብሎ ይነዳል ይባላል" የሚል ሙግት ይቀርባል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በቁጣ ማባረር ቀላል ነው። ነገር ግን በቁጣ የተባረረ ጥያቄ መልሱን ሌላ ቦታ ያገኛል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን በቅን ልብ እንመርምር፦ ማሪዋና በማሽከርከርና በጤና ላይ በእርግጥ ምን ያደርጋል? የእግዚአብሔር ቃልስ ጉዳዩን የማን ጉዳይ ያደርገዋል?

ጥያቄው በኮዬ ፈጬ

ኮዬ ፈጬ በአቃቂ ቃሊቲ ጫፍ የተሠራ ሰፊ የጋራ መኖሪያ መንደር ነው። በየካቲት 2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ለ51,229 ቤቶች ዕጣ ሲያወጣ ስሙ በአገር ሁሉ ከተነሣ ሥፍራዎች አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከልዩ ልዩ የከተማዪቱ ሰፈሮች የመጡ ቤተ ሰቦች ገብተውበታል፤ አብያተ ክርስቲያናትና የቤት ለቤት ኅብረቶችም ተተክለውበታል። መሃል ከተማ ሩቅ ስለሆነ የዚህ ሰፈር ሰው ኑሮ መንገድ ላይ ነው። ጠዋት ወደ ቃሊቲ፣ ወደ ሳሪስ፣ ወደ መገናኛ ይወጣል፤ ማታ ይመለሳል። በአቅራቢያው ቂሊንጦ አለ፤ ቱሉ ዲምቱ አለ፤ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድም ከዚያው ከቱሉ ዲምቱ ይጀምራል። ሚኒባሱ፣ አይሱዙው፣ የአሸዋና የሲሚንቶ ጫኙ፣ ባጃጁና ትምህርት ቤት የሚሄደው ሕፃን አንድ መንገድ ይጋራሉ።

እንግዲህ ለእኛ "ያጨሰ ሾፌር" የሚለው ነገር የካናዳ ወሬ ሆኖ አይቀርም። በቀን ሁለት ጊዜ ሕይወታችንን በማናውቀው ሰው እጅ እንሰጣለን። ያ ሰው ምን ወስዶ ነው መሪ የያዘው የሚለው ጥያቄ የእያንዳንዳችን ጥያቄ ነው።

የመንገድ አደጋ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደ ሆነም እናስታውስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በመንገድ ላይ ይሞታሉ፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ከማናቸውም ነገር ይልቅ የሚገድለው ይኸው ነው። ያው ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ሪፖርቱ በኢትዮጵያ ከ100,000 ሰው ወደ 27 የሚጠጋው በዓመት በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቶ ነበር። ከዚህ ሁሉ ሞት ዕፅ ያደረሰው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ፍጥነት፣ የመንገዱ ሁኔታ፣ የተሽከርካሪው እርጅና፣ ድካምና መጠጥም አሉ። ቢሆንም ሾፌሩ ራሱ ሊተወው የሚችለውን ምክንያት ከሌሎቹ ጀርባ መደበቅ አይገባም።

ማሪዋና በአእምሮ ውስጥ የሚሠራው

ማሪዋና ካናቢስ ከሚባለው ተክል ይገኛል። ስሜትን የሚለውጠው ዋናው ንጥረ ነገሩ ቲኤችሲ ይባላል። ሲጨስ በደቂቃዎች ውስጥ በሳንባ በኩል ወደ ደም፣ ከደም ወደ አእምሮ ይደርሳል። በዚያም ሚዛንንና የእንቅስቃሴን ጊዜ የሚጠብቀውን፣ የቅርብ ጊዜ ትውስታን የሚይዘውን፣ አመዛዝኖ የሚወስነውን የአእምሮ ክፍል ይነካል። ከምግብ ጋር ሲበላ ደግሞ ዘግይቶ ይጀምርና ለብዙ ሰዓት ይቆያል፤ "ምንም አልተሰማኝም" ብሎ የሚጨምር ሰው የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ይህን ከማሽከርከር ጋር እናስተያየው። ሾፌር በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ያያል፦ ፊቱን፣ መስታወቱን፣ እግረኛውን፣ ከጎን የሚገባውን ባጃጅ። ቲኤችሲ ትኩረትን ለብዙ ነገር የማካፈልን ችሎታ ይቀንሳል፤ መኪናውን በመስመሩ ውስጥ ቀጥ አድርጎ መያዝን ያስቸግራል፤ ድንገት ለሚመጣ ነገር የሚሰጠውን ምላሽ ያዘገያል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ፍሬን ለመያዝ ግማሽ ሰከንድ ብቻ የዘገየ ሾፌር መኪናው 8 ሜትር ያህል አልፎ ሄዷል ማለት ነው። ያች 8 ሜትር ዜብራ ላይ ባለች ሴትና በመኪናው መካከል ያለች ርቀት ልትሆን ትችላለች።

ጥናቶቹ የሚሉትን ሳንጨምር ሳንቀንስ

ስለ ዕፅ ስንሰብክ ብዙ ጊዜ ማጋነን ይቀናናል። ነገር ግን የተጋነነ ነገር ሲጋለጥ እውነቱም አብሮ ይጣላል። በሐሰት እንዳንመሰክር የታዘዝነው (ዘጸ. 20፡16) ስለ ማሪዋና በምንናገርበትም ጊዜ ይሠራል። ስለዚህ ጥናቶቹን እንዳሉ እናቅርብ።

በ2012 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ የጥናቶች ስብስብ ካናቢስ ወስዶ ወዲያው የሚያሽከረክር ሰው ለግጭት የሚጋለጥበት ዕድል ወደ እጥፍ እንደሚጠጋ ደመደመ። በ2016 እ.ኤ.አ. ሌሎች ተመራማሪዎች ስሌቱን እንደገና መርምረው ጭማሪው ከ20 እስከ 40 ከመቶ ባለው ክልል ውስጥ ነው አሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ያወጣው ጥናት ደግሞ የሾፌሮቹን ዕድሜና ጾታ የመሰሉ ነገሮች አስገብቶ ካሰላ በኋላ ማሪዋና ብቻውን ያመጣው ጉልህ ጭማሪ አላገኘም፤ በዚያው ጥናት ውስጥ ግን በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች በሕግ በተከለከለው መጠን አልኮል የጠጣ ሾፌር አደጋው አራት እጥፍ ገደማ ሆኖበታል።

ቁጥሮቹ ለምን ይለያያሉ? አንዱ ምክንያት ቲኤችሲ ስሜቱ ካለፈ በኋላ በሰውነት ውስጥ ለቀናት፣ አዘውታሪ በሆነ ሰው ላይ ደግሞ ለሳምንታት ምልክቱ ስለሚገኝ ነው። በምርመራ የተገኘበት ሁሉ በዚያች ሰዓት ደንዝዞ ነበር ማለት አይቻልም። ሁለተኛው ያጨሰ ሰው ብዙ ጊዜ ፍጥነቱን ስለሚቀንስና ርቀት ስለሚጠብቅ ነው። ወጣቶቻችን "ቀስ ብሎ ይነዳል" የሚሉት ከዚህ የመጣ ነው፤ ባዶ ወሬ አይደለም። ነገር ግን ቀስ ማለት ድንገት ለሚሮጥ ሕፃን አይደርስለትም። ማሪዋናና አልኮል ሲደራረቡ ደግሞ ጉዳቱ እያንዳንዱ ለብቻው ከሚያደርሰው የከፋ ነው፤ በዚህ ላይ ተመራማሪዎቹ ይስማማሉ።

ስለዚህ እውነተኛው መልስ እንዲህ ነው፦ ማሪዋና የማሽከርከር ችሎታን ይቀንሳል። አደጋውን የሚጨምርበት መጠን ከአልኮል ያነሰ ይመስላል። "ከአልኮል ያንሳል" ማለት ግን "ደኅና ነው" ማለት አይደለም።

"ደኅና ነኝ" የሚለው ስሜት

ከጥናቶቹ ሁሉ አንዱ ለእኛ ለአማኞች ልዩ ትምህርት አለው። በካሊፎርኒያ፣ ሳንዲዬጎ የተደረገና በጥር 2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። ማሪዋና የሚያዘወትሩ 191 ሰዎች ካጨሱ በኋላ መኪና በሚመስል የመለማመጃ መሣሪያ እንዲነዱ ተደረገ፤ የአንዳንዶቹ ሲጋራ ግን ቲኤችሲ እንዳይኖርበት ተደርጎ የተዘጋጀ ነበር። እውነተኛውን ያጨሱት ከግማሽ ሰዓት በኋላ አነዳዳቸው ተበላሽቶ ተገኘ፤ እነርሱም ለመንዳት ያመነቱ ነበር። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሲጠየቁ ከመቶ ወደ 69 የሚሆኑት "አሁን መንዳት እችላለሁ" አሉ። አነዳዳቸው ግን አልተሻሻለም ነበር! ሙሉ በሙሉ የተስተካከለው ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። አደገኛው ጊዜ ሰውየው ራሱ "ከብዶኛል" የሚልበት ሰዓት ሳይሆን "ለቆኛል" ብሎ ቁልፍ የሚያነሣበት ሰዓት ነው። ዕፁ የሚነካው እጅና እግርን ብቻ አይደለም፤ ራስን የሚመዝነውንም ሚዛን ይነካል። ሚዛኑ ሲበላሽ ሚዛኑ መበላሸቱን በምን እናውቃለን?

መጽሐፈ ምሳሌ ስለ ወይን ጠጅ የሚናገረው ክፍል (ምሳ. 23፡29-35) ይህንኑ ያሳያል። ሰካራሙ ተመትቶ አልታመመም፤ ተጎድቶ አላወቀም፤ በባሕር መካከል እንደ ተኛ ሰው ሆኖ ሳለ ሲነቃ የሚያስበው እንደገና ስለ መፈለግ ነው። ጠቢቡ ያየው ችግር የመጠጡን መጠን ብቻ ሳይሆን የሰውየውን አለማወቅ ነው። የሐዲስ ኪዳን ጸሐፊዎች ደጋግመው "በመጠን ኑሩ" የሚሉትም የራስን ሁኔታ በትክክል የሚያይ ንቁ አእምሮ የአማኝ ግዴታ ስለሆነ ነው።

በጤና ላይ

በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች ከ10,000 በላይ ጥናቶችን መርምረው ሰፊ ሪፖርት አውጥተዋል። በሪፖርቱ መሠረት ካናቢስ ሥር የሰደደ ሕመምን፣ የካንሰር መድኃኒት የሚያመጣውን ማቅለሽለሽና ተመሳሳይ ችግሮችን ለማስታገስ እንደሚረዳ ማስረጃ አለ። ከተክሉ የተገኘ አንድ መድኃኒትም በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለከባድ የሕፃናት የሚጥል በሽታ ተፈቅዷል። ይህን መካድ አያስፈልገንም። ሞርፊንም ከኦፒየም ተክል ይገኛል፤ ሐኪም ሲያዝዘው መድኃኒት ነው፤ በዚህ ምክንያት ግን ማንም ኦፒየም አጭሶ መኪና ይንዳ አይልም።

በሌላ በኩል ያው ሪፖርት አዘውትሮ መጠቀም ከከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ከማያቋርጥ ሳልና አክታ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ስታጨስ ደግሞ ከሕፃን ክብደት ማነስ ጋር እንደሚያያዝ ያረጋግጣል። በ2019 እ.ኤ.አ. በአውሮፓና በብራዚል ከተሞች የተደረገ ጥናት በየቀኑ የሚያጨሱ ሰዎች ከማያጨሱት ይልቅ በስነ ልቦና ቀውስ፣ ማለትም ድምፅ በመስማትና በከባድ ጥርጣሬ የሚገለጠው ሕመም የመያዛቸው ዕድል ሦስት እጥፍ መሆኑን አሳይቷል፤ የሚያጨሱት ኃይለኛው ዓይነት ሲሆን ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል። ከተጠቃሚዎች ከዐሥሩ አንዱ ገደማ ሱሰኛ ይሆናል፤ በጉርምስና የጀመሩት ላይ ግን ከስድስቱ አንድ ነው ይባላል። አእምሮ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ እያደገ ስለሆነ ዕፁ የሚጎዳው ይልቁን ልጆችን ነው።

"እግዚአብሔር ዘር የሚሰጠውን ዕፅ ሁሉ ሰጥቶናል" ብለው ከዘፍጥረት 1፡29 የሚከራከሩ አሉ። በሻሸመኔ የሰፈሩት ራስ ተፈሪያውያን ወገኖቻችንም ተክሉን ለአምልኮ የሚጠቀሙት በዚህ ዓይነት አስተሳሰብ ነው። እነርሱን በአክብሮት እንያዛቸው። ነገር ግን ቃሉ የተነገረው ስለ ምግብ ነው። እንዶድም ዘር አለው፤ ልብስ እናጥብበታለን እንጂ ወጥ አንሠራበትም። አስተናግርም ዘር አለው፤ የሚያደርገውን ስሙ ራሱ ይናገራል። ተፈጥሮ መልካም ነው ማለት ሁሉም ነገር ለሁሉም ጥቅም ተፈጥሯል ማለት አይደለም።

የእኛው ቅጠል

በኢትዮጵያ ማሪዋና በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ሥር በሚወድቁ ክልክል ዕፆች ውስጥ ይገባል። በመንገዶቻችን ላይ ግን ከማሪዋና ይልቅ የሚበዛው በሕግ ያልተከለከለው ጫት ነው። ስለ ማሪዋና ብቻ ጽፎ ስለ ጫት ዝም ማለት የጎረቤትን ጉድፍ እያዩ የራስን ምሰሶ መተው ይሆናል።

በጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል፣ በአሠራሩ አምፌታሚን ከተባለው ማነቃቂያ ጋር የሚመሳሰል ንጥረ ነገር አለ። ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ይህ ንጥረ ነገር በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ኃይሉን ያጣል። ጫት የጫነ መኪና ነፍሱን ሳይቆጥብ የሚበርረው ስለዚህ ነው፤ በአንድ ወቅት ሕዝባችን አይሱዙን "አልቃይዳ" ብሎ የሰየመው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሾፌሩም ሌሊቱን ሙሉ ላለመተኛት ይቅማል። መጀመሪያ ንቁ ይሆናል፤ ምርቃናው እስካለ ድረስ "ከማንም በላይ ጎበዝ ነኝ" ይላል። ጫት ግን እንቅልፍን አያስቀረውም፤ ያበድረዋል እንጂ። ምርቃናው ሲወርድ የተጠራቀመው ድካም ከነወለዱ ይመለሳል፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚሆነው ከንጋት በፊት፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ምርቃናውን ለመስበር "ጨብሲ" ብለው አልኮል የሚጨምሩ አሉ፤ ማነቃቂያውና ማደንዘዣው በአንድ ሰውነት ውስጥ ይጓተታሉ፤ መሪውን የሚይዘው ያ ሰውነት ነው። በጤና ረገድም ጫት የደም ግፊትንና የልብ ምትን ይጨምራል፤ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይነሣል፤ በኋላም ድብርት ይከተለዋል።

በ2010 እ.ኤ.አ. በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ ስለ ጫት፣ ስለ ሾፌሮችና ስለ መንገድ አደጋ ከኢትዮጵያ የቀረበ አጭር ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። ጉዳዩ በሚገባው መጠን እንዳልተጠናና ትኩረት እንደሚያስፈልገው አሳስቧል። ማሳሰቢያው ዛሬም ይሠራል።

የፖሊስ መሣሪያ የማያየው

በአዲስ አበባ የትራፊክ ፖሊሶች የሾፌርን ትንፋሽ እየለኩ አልኮል መጠጣቱን የሚያውቁበት መሣሪያ አላቸው። ይህ መልካም ነው፤ ሕይወት ያድናል። መሣሪያው ግን የሚያውቀው አልኮልን ብቻ ነው። ማሪዋናንም ጫትንም አያይም። ካናዳ እንኳ በደም ውስጥ የሚገኘውን ቲኤችሲ በሕግ ወስና ምርመራ ታደርጋለች፤ ሆኖም ቁጥሩ የድንዛዜን ልክ በትክክል ያሳያል ወይ የሚለው ክርክር አላበቃም።

እንግዲህ ሕግ እስከሚደርስበት ድረስ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የኅሊና ቦታ ነው። መሣሪያው ያላየው ሾፌር በእግዚአብሔር ፊት አልታየም ማለት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የምትናገረው ነገር ያላትም እዚህ ላይ ነው።

ተዋጊው በሬ

ስለ ሱስ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው የሚለውን ነው (1ቆሮ. 6፡19-20)። ትክክል ነው። ይህ ብቻውን ሲነገር ግን ጉዳዩ በሰውየውና በአምላኩ መካከል የተዘጋ የግል ነገር ይመስላል። "የምጎዳው ራሴን ነው" የሚለው መልስም ከዚያ ይበቅላል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ሌላም ጎን አለው።

በዘጸአት 21፡28-29 ስለ ተዋጊ በሬ ሕግ ተሰጥቷል። በሬ ድንገት ሰው ወግቶ ቢገድል ባለቤቱ ንጹሕ ነው። ነገር ግን በሬው ከትናንት ከትናንት ወዲያ ተዋጊ እንደ ነበረ ቢታወቅ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ሳይጠብቀው ቢቀር፣ ደሙ በባለቤቱ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው? ማወቅ ነው። የሞተው ሰው በሁለቱም ያው ሞቷል፤ በሁለተኛው ግን ባለቤቱ አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

በዘዳግም 22፡8 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከሰገነቱ ላይ ማንም እንዳይወድቅ ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግ ታዟል። በአራተኛ ፎቅ ላይ ልጆች ለምናሳድግ ለእኛ ይህ ቃል ትርጉም አያስፈልገውም። ሰው ከመውደቁ በፊት ስለሚወድቀው ሰው ማሰብ የእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው። በዘዳግም 19፡5 እንጨት ሲቆርጥ ምሳሩ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለ ሰው መማጸኛ ከተማ ተሰጥቶታል። ምሳሩ እንደሚወልቅ እያወቀ ያነሣ ሰው ግን በዚያ ቃል ሊሸሸግ ይችላልን?

አጭሶ ወይም ቅሞ ወይም ጠጥቶ መሪ የሚይዝ ሰው ተዋጊነቱ የታወቀ በሬ ይዞ ወደ ገበያ እንደሚገባ ነው። ዛሬ አልወጋም ይሆናል፤ ትናንትም አልወጋም ይሆናል። ጥናቱ፣ ሕጉና የገዛ ልቡ ግን አስቀድመው ነግረውታል። ስለዚህ ጉዳዩ ከስድስተኛው ትእዛዝ ጋር የተያያዘ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ለቅሶ ቤታችን አንድ ነገር መናገር ይገባል። በመንገድ አደጋ ሰው ሲሞት "ቀኑ ደርሶ ነው" እንላለን። ጌታ የዘመናችን ባለቤት መሆኑን እናምናለን፤ ኀዘንተኛንም እናጽናናበታለን። ነገር ግን የሾፌሩን ድርሻ በእግዚአብሔር ፈቃድ መሸፈን የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ ማንሣት ነው። ያልጠበቅነውን በሬ እርሱ እንደ ላከው አድርገን አንናገር።

ምን እናድርግ?

ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ በየአጥቢያው ሊጀመሩ የሚችሉ ጥቂት ነገሮችን እናመልክት።

አንደኛ፣ ተሽከርካሪ ያላችሁ ወገኖች። በመካከላችን ሚኒባስ፣ ባጃጅ ወይም የጭነት መኪና ለሾፌር ሰጥተው የቀን ገቢ የሚቀበሉ አማኞች አሉ። የምንጠይቀው ገቢ ሰው ሳይተኛ ካልሠራ በቀር የማይሞላ ከሆነ፣ "ጫት አትቃም" ማለታችን ምክር ሳይሆን ፌዝ ነው። በሬው የእኛ መሆኑን አንርሳ። ያዕቆብ 5፡4 ስለ ሠራተኞች ደመወዝ የሚናገረው ቃል ስለ እንቅልፋቸውም ይጠይቀናል።

ሁለተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ራሷ። ለኮንፈረንስ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ አውቶቡስና ኮስተር እንከራያለን። ዋጋውን አጥብቀን እንከራከራለን፤ ሾፌሩ ሌሊቱን አድሮ እንደ መጣ ወይም እንዳረፈ ግን አንጠይቅም። የመዘምራን ልጆቻችንን የጫነ ሰው መተኛቱን መጠየቅ፣ በሌሊት ከመመለስ ይልቅ አሳድሮ በማለዳ መነሣት፣ የሾፌሩን አልጋ በበጀት ውስጥ ማስገባት እምነት ማጣት አይደለም። ጸልየን መነሣታችን መልካም ነው፤ ሾፌሩም ተኝቶ ይነሣ።

ሦስተኛ፣ ተሳፋሪዎች። ሾፌሩ ጉንጩን ሞልቶ ሲነዳ እያየን ዝም የምንለው ለመድረስ ስለምንቸኩል ነው። በትሕትና "ወንድሜ፣ እባክህ ዕረፍ" ማለት፣ ካልሰማም "ወራጅ አለ!" ብሎ መውረድ ይቻላል።

አራተኛ፣ ወላጆችና የወጣት መሪዎች። እውነቱን በልኩ እንናገር። "አንድ ጊዜ ያጨሰ ያብዳል" ያልነው ልጅ አንድ ጊዜ አጭሶ ሳያብድ ሲቀር ሌላውንም ትምህርታችንን ይጠራጠራል። አደጋው ምን እንደ ሆነ፣ ለምን በእርሱ ዕድሜ እንደሚብስ፣ የጌታ ፍቅር ከዚህ ምን እንደሚሻለው በሰከነ አንደበት እናስረዳው።

አምስተኛ፣ በዚህ ውስጥ ያሉት ራሳቸው። በጉባኤው መካከል ተቀምጠው የሚያጨሱና የሚቅሙ አሉ፤ ብዙዎቹ መውጣት ይፈልጋሉ፤ መጋለጥን ግን ይፈራሉ። ንስሐ የገባን ሰው ምስጢሩን ለመድረክ ምስክርነት ማዋል በጎችን ያስደነግጣል። ማሪዋና ያቋረጠ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ይነሣዋል፤ ይነጫነጫል፤ ምግብ ያስጠላዋል። ይህ ሰውነቱ ከዕፁ ሲላቀቅ የሚመጣ የሚታወቅ ነገር ነውና "ገና አልተለወጠም" ብለን አንፍረድበት፤ አብረነው እንቁም። መኪና የሚነዳ ከሆነ በዚህ ጊዜ ቁልፉን ለሌላ ሰው ያስረክብ። ድምፅ መስማት፣ ሰው ሁሉ ያሳድደኛል ማለት ከጀመረ ግን ጸሎታችንን ሳናቋርጥ ሳንዘገይ ወደ ሐኪም እንውሰደው፤ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን የመሰሉ ተቋማት ያሉት ለዚህ ነው። የሚፈውስ ጌታ ነው፤ ሐኪሙንም የሰጠን እርሱ ነው።

የወንድም ጠባቂዎች

ቃየን ስለ ወንድሙ ሲጠየቅ ጠባቂነትን ካደ (ዘፍ. 4፡9)። የወንጌል ሰው ግን ይህን መልስ መመለስ አይችልም፤ በመንገድ ዳር ወድቆ ለተገኘው ሰው ባልንጀራ የሆነውን ሳምራዊ አይቷልና (ሉቃ. 10፡25-37)። ያ ሳምራዊ የወደቀውን አነሣ። መሪ የያዘ አማኝ ደግሞ ከዚያ በፊት ያለ ሥራ አለው፦ ማንም በእርሱ ምክንያት በመንገድ ዳር እንዳይወድቅ ማድረግ።

"የተፈቀደ ነው ወይ?" የሚለው ጥያቄ በካናዳ አንድ መልስ፣ በኢትዮጵያ ሌላ መልስ አለው፤ ጫትን በተመለከተም እንደ አገሩ ይለያያል። ሐዋርያው ግን ሁሉ ቢፈቀድም ሁሉ እንደማይጠቅምና ሁሉ እንደማያንጽ፣ እያንዳንዱም የባልንጀራውን ጥቅም እንዲፈልግ አስተምሮናል (1ቆሮ. 10፡23-24)። በኮዬ ፈጬ መንገድ ላይ ነገ ጠዋት የሚሻገረው ሕፃን የማን ልጅ እንደ ሆነ ሾፌሩ አያውቅም። ማወቅም አያስፈልገውም፤ ባልንጀራው ነው።

ጌታ ለሾፌሮቻችን ንቁ አእምሮን፣ ለባለ ንብረቶቻችን ርኅራኄን፣ ለሁላችንም ለወንድማችን የምንጠነቀቅበትን ፍቅር ይስጠን። አሜን።